የጨው ዋጋ የረከሰ ቀን

እኛ ቤት ጨው ከሥጋ ይወደድ ነበር። በየቅዳሜው አመሻሽ አባዬ የሳምንቱን ወጪ ደብተሩ ላይ ሲያሰፍር አጠገቡ ተቀምጬ እርሳስ የምቀርጽለት እኔ ስለነበርኩ ዋጋውን በቃሌ አውቀዋለሁ። በርበሬ አራት ብር፤ ጋዝ ሦስት ብር፤ ሳሙና ሁለት ብር፤ ጨው ስምንት ብር።

ችግሩ ጨዉን የምገዛውም እኔ መሆኔ ነው። አቶ ሀብቴ ሱቅ አንድ ኪሎ ጨው አንድ ብር ከሃያ ሳንቲም ነበር። አንድ ኪሎ ደግሞ ለእኛ ቤት ከሁለት ሳምንት በላይ ይበቃል። ስለዚህ እማዬ ዓይኗን የምትቀነጥሰው ጎመን ላይ ተክላ "ስምንት ብር" ባለች ቁጥር እርሳሱ ከእጄ ሊያመልጥ ይደርሳል። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ የሰንበት ትምህርት ጎበዝ ተማሪ ስለነበርኩ ውሸታሞች መጨረሻቸው የት እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ የራሴ ባዶ ኪስ ነው። እኔና ባለቤቴ ዘርአብሩክ እዚሁ ሆሳዕና ሁለት ደሞዝ እናስገባለን፤ ወሩ ግን ሃያኛው ቀን ላይ ይደርቅብናል። "ብሩ የት ገባ?" እንባባላለን፤ አንዳችንም አናውቅም። ባለፈው ወር ስልኬ ላይ የባንክ መልእክቶቹን ስደምር ስቀንስ ራሴ ዞረና፣ አባዬ በመምህር ደሞዝ እንዴት እንዳኖረን ልይ ብዬ ደብተሮቹን ፍለጋ እማዬ ጋ ሄድኩ። አባዬ ካረፈ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ደብተሮቹ በእማዬ ሳጥን ውስጥ፣ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል።

አባዬ መምህር ሆሴዕ ይባላል፤ የዳምቦያ ሰው፣ ከምባታ። እማዬ ገነቴ የፎንቆ ልጅ ናት፣ ሀዲያ። እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በአማርኛ ስለነበር እኔም ያደግኩት በአማርኛ ነው፤ ከሁለቱ ቋንቋቸው የደረሰኝ ፍርፋሪ ብቻ ነው።

ደሞዝ ቀን አባዬ አራት መቶ ሃያ ብሩን ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋዋል። መጀመሪያ አስራት ይነሳል፤ አርባ ሁለት ብር፣ የጌታ። ቀጥሎ ሃያ ብር ለመስቀል በሬ። በእኛ አገር የሰፈር ወንዶች ዓመቱን ሙሉ እያዋጡ የመስቀል በሬ ይገዛሉ፤ ሴቶቹ ደግሞ ቅቤ ያጠራቅማሉ። መስቀል ደርሶ ከበሬው ድርሻ የሌለው ሰው ልጆቹን ይዞ የት ይገባል? የቀረው ብር በየመስመሩ ይሰለፋል። የደብተሩ ገጽ ከላይ እስከ ታች በእርሳስ መስመር ለሁለት ተከፍሏል፤ ግራው "የታሰበ"፣ ቀኙ "የወጣ" ይላል። ግራው ደሞዝ ቀን ይሞላል፤ ቀኙ ቅዳሜ ቅዳሜ።

"ብር እግር የለውም" ይላል አባዬ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ። "'ሄደ' አትበሉኝ። 'እዚህ ቦታ ዋለ' በሉኝ።"

ግራውን የሚሞላው ብቻውን ሆኖ ነበር። እኔ ቅዳሜ ዓይኔ የሚከተለው የእርሳሱን ጫፍ ነው፤ የእርሳሱ ጫፍ ያለው ደግሞ በቀኝ በኩል ነው። ስለዚህ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የማውቀው የገጹን ግማሽ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ቅቤ ሻጯ እትዬ ትርፊት ከፎንቆ ትመጣለች። ቅቤዋን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ታመጣለች፤ ቅጠሉን ገና ሳትፈታው ቤቱ በቅቤው ሽታ ይሞላል። እማዬ አንዲት ጉማጅ ቅቤ ገዝታ ለመስቀል ወደምታጠራቅምበት ዕቃ ትጨምራታለች። ከዚያ ሁለቱ ወደ ማድ ቤቱ ጀርባ ይሄዳሉ። እኔ እንጨት የማነሳ መስዬ እከተላለሁ። እማዬ ከመቀነቷ የታጠፈ ብር አውጥታ እትዬ ትርፊት መዳፍ ውስጥ ትጨምርና ጣቶቿን በራሷ እጅ ትዘጋላታለች። በሀዲይኛ ይንሾካሾካሉ። ከፍርፋሪዬ የምለየው "መኪና"፣ "ስምንት ወር"፣ "እስከ መስቀል"፣ "መሄድ" የሚሉትን ነበር።

አባዬ በረንዳው ላይ ፈተና ያርማል። ቀና ብሎም አያይ። ሀዲይኛ ሲናገር ሰምቼው ስለማላውቅ አይገባውም ብዬ አስብ ነበር። እኔ ከመወለዴ በፊት ፎንቆ አራት ዓመት ማስተማሩን የሰማሁት ለቅሶው ላይ ነው።

በዚያው ዓመት የክፍሌ ልጅ የአቢጋኤል እናት፣ ከባሏ ደብቃ ባጠራቀመችው ብር ሻንጣዋን ይዛ ዱራሜ ገብታ ቀርታ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ወር ሙሉ ያወራው ይህንኑ ነው። አቢጋኤል ፀጉሯን የሚሠራላት ጠፍቶ አባቷ በመቀስ ከርክሞት ትምህርት ቤት መጣች። የዚያች ልጅ ጭንቅላት ዛሬም ከፊቴ አይጠፋም። ብሩን፣ መኪናውን፣ መሄዱን፣ ስምንት ወሩን ገጣጠምኩት። እማዬ በጨው ስም እያጠራቀመች ነው፤ መስቀል ሲደርስ ትታን ትሄዳለች።

ለማንም አልተናገርኩም። ለአባዬ ብነግረው ቤቱ ይፈርሳል፤ ለእማዬ ብነግራት ቀኗን ታሳጥራለች። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ሆዴ ግን ገና የዘጠኝ ዓመት ሆድ ነበረ፤ ሌሊት ሌሊት እየተነሳሁ እማዬ መኖሯን ዳስሼ አረጋግጥ ነበር።

ከሁሉ የባሰ የሚያስፈራኝ ሒሳቡ ነው። አባዬ አንድ ቀን ጓዳ ገብቶ የጨው ዕቃውን ከፍቶ ቢያይስ? በወር ሠላሳ ሁለት ብር ማለት ሃያ ስድስት ኪሎ ጨው ማለት ነው፤ አካፍዬዋለሁ። ያን ያህል ጨው ልሶ የሚጨርስ የከብት መንጋ እንኳ በሆሳዕና አልነበረም። ስለዚህ ቢያንስ ጨዉ ቶሎ ቶሎ ማለቅ ነበረበት። ማለቅ ካቃተው ደግሞ እኔ አለሁ።

መጀመሪያ ወጡ ላይ ሞከርኩ። እማዬ ዞር ስትል ጎመኑ ላይ አንድ ጭብጥ ጨመርኩ። እራት ቀርቦ፣ ጸሎት ተደርጎ፣ አባዬ አንዴ ጎረሰና ቆመ። ብርጭቆ ውሃ እስከ ታች ጠጣ።

"መምህር፣ ጨው በዛበት መሰለኝ" አለች እማዬ ቀምሳው ደንግጣ።

"ምንም አይል" አለ አባዬ። "የገዛነውን መብላት ነው።" ሳህኑን ጠርጎ በላ።

ሁለተኛ ወጥ ላይ አልሞከርኩም፤ ምክንያቱም እኔም መብላት ነበረብኝ። ከቤታችን ጀርባ የእማዬ እንሰቶች አሉ፤ ከነሱ ውስጥ ገና ከተተከለች ሁለት ዓመት ያልሞላት አንዲት ትንሽ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስመለስ በየቀኑ ሁለት ጭብጥ ጨው ሥሯ ላይ እደፋለሁ። እማዬ "ይሄን ጨው ምን በላው?" እያለች አቶ ሀብቴ ጋ ትልከኛለች፤ እኔም እየሮጥኩ እሄዳለሁ። እማዬን እያዳንኳት ነበር።

በዚያው ሰሞን አባዬ ሻይ ቤት መሄድ ተወ። ድሮ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ከመምህራን ጓደኞቹ ጋር ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠጥቶ፣ ወሬውን ሁሉ ሰብስቦ ነበር የሚመጣው። አሁን አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ነው። እቤትም ሻይ ሲቀርብለት በእጁ ይመልሳል። "ሐኪሙ ከልክሎኛል፤ ለጨጓራዬ አይሆንም" አለ። ሦስት ማንኪያ ስኳር ካልገባበት ሻይ አይባልም የሚል ሰው ነበር። እማዬ አዝና፣ አጠገቡ ሌላ ሰው ሲጠጣ እንዳያምረው ብላ ሻይና ስኳርን ከቤቱ አጠፋቻቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቁርሳችን በሙቅ ውሃ ሆነ።

እኔ ግን ጨጓራ ሲባል አላመንኩም። አባዬ ቀድሞ የሚመጣው እማዬን ሊጠብቅ ነው፤ ጠርጥሯል፤ እጅ ከፍንጅ ሊይዛት ነው አልኩ። በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ እንሰቶቹን አሻግሮ ሲያይ እኔም ዓይኑን እከተላለሁ።

በቤታችን የማይጠራ አንድ ስም ነበር፤ ዕንባቆም። የእማዬ ታላቅ ወንድም ነው። አባዬ ሽማግሌ ሲልክ ሽማግሌዎቹን ደጅ አቁሞ "ጠመኔ ይዞ የሚኖር ሰው እህቴን በምን ሊያበላት ነው?" ብሎ መልሷቸዋል። እንደምንም ከተጋቡ በኋላ ደግሞ እናቷ የሰጠቻትን ጊደር ሸጦ በላባት። አባዬ ሊጠይቀው ፎንቆ ቢሄድ በገበያ መሃል በዱላ መታው። አባዬ ጴንጤ ነውና አይምልም፤ ግን አቧራውን አራግፎ ተነስቶ ሰው ሁሉ እየሰማ "ከእንግዲህ ከእኔ ቤት አንድ ሳንቲም ወደ ዕንባቆም ደጅ ከሄደ ሆሴዕ አትበሉኝ" አለ። መማል የማይፈቀድለት ሰው ቃሉ ከመሐላ ይብሳል። ታሪኩን ከሆሳዕና እስከ ፎንቆ የማያውቀው የለም፤ እኔም አውቀው ነበር። ከጨዉ ጋር ይገናኛል ብዬ ግን እንዴት ልጠርጥር?

ሰኔ ላይ እንሰቷ ቢጫ ሆነች። መሃል ቅጠሏ ወድቆ፣ ጫፎቹ ተቃጥለው አንድ ጠዋት እማዬ አየቻት።

"መምህር! ኧረ ና! አጠውልግ ገባብኝ!"

አጠውልግ የእንሰት በሽታ ነው። በአንዷ ከገባ በቢላ፣ በእጅ፣ በከብት እግር ወደ ሌላዋ እየተሻገረ ጓሮውን ይጨርሳል፤ እንሰት ያለቀበት ቤት ደግሞ ቆጮም ቡላም የለው። እማዬ እጇን ራሷ ላይ ጭና ስትቆም አባዬ ከእንሰቷ ሥር ቁጢጥ አለ። አፈሩን በጣቱ ጫረ። ነጭ ነገር አየ። ጣቱን ወደ ምላሱ ወሰደው። እኔ በዚያ ሰዓት የበሩን መቃን ይዤ ነበር።

አባዬ ተነሳና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። "አጠውልግ አይደለም ገነቴ። ውሃ ተኝቶባት ነው። ቦይ እቆፍርላታለሁ።" ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ "ማራኪ፣ እርሳስ ቅረጪልኝ" አለና ወደ በረንዳው ሄደ።

እርሳሱ ትናንት የተቀረጸ ነበር። ቢሆንም ምላጩን ይዤ ተከተልኩት።

"ስንት ሆነ?" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ምኑ?"

"ጨዉ።"

እንባዬ ቀደመኝ። "አምስት ኪሎ... ስድስት..."

"ለምን?"

የእማዬን ምስጢር አላወጣም። "እንዲያልቅ" አልኩት።

አባዬ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ መጥረግ ጀመረ። በጣም ጠረገው። ይሳቅ ያልቅስ አልለየሁም፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል። መነጽሩን መልሶ ሲያደርግ ፊቱ ጭምት ሆኗል።

"ልጄ፣ የደብተሩ ጨውና የወጡ ጨው አንድ አይደሉም። የደብተሩ የእኔና የእናትሽ ነው። አንቺ እርሳስሽን ቅረጪ፤ እንሰቷንም ተያት።"

አወቀ ማለት ነው። እማዬን ልታባርራት ነው ወይ ብዬ ልጠይቀው ፈለግኩ፤ ግን የተቀረጸውን እርሳስ እንደገና ቀረጽኩ። እንሰቷ አልዳነችም። እኔም ከዚያን ቀን በኋላ መስቀል ስንት ቀን እንደቀረው በየጠዋቱ መቁጠር ጀመርኩ። ሌሎች ልጆችም ይቆጥሩ ነበር፤ እነሱ ለሥጋው ነው።

የነሐሴ የመጨረሻው ቅዳሜ ዝናቡ ጠዋት አባርቶ ነበር። እትዬ ትርፊት ገና ከአጥሩ ውጭ ሳለች እልል ስትል ሰማናት። ቅቤ አልያዘችም። እማዬ ከማድ ቤት በባዶ እግሯ ወጣች። እትዬ ትርፊት ሁለት ቃል በሀዲይኛ ስትናገር እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች፤ ከዚያ ሳቀች፤ ከዚያ ጭቃው ላይ ቆማ መዝሙር ጀመረች። ከሁለቱ ቃላት አንዱን አውቀዋለሁ። "አለቀ" ነው የሚለው።

ብሩ ሞላ። ዛሬ ትሄዳለች።

ወደ ቤት ገባሁ። እማዬ የእሑድ ጫማ አንድ ብቻ ነበራት፤ ጥቁር፣ ትንሽ ተረከዝ ያለው። ግራውን አነሳሁና ጓሮ ሄጄ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ጨመርኩት። በአንድ እግር ጫማ ዱራሜ የሚሄድ ሰው የለም። ከዚያ በሩ ላይ ተቀምጬ እስኪመሽ ጠበቅኳት። እሷ ግን ቤት ጠረገች፤ ልብስ አጠበች፤ እየዘመረች ሽንኩርት ከተፈች።

አመሻሽ ላይ አባዬ ደብተሩን ዘረጋ። እኔ እርሳሱን አቀበልኩት።

"በርበሬ?"

"አራት ብር።"

"ጋዝ?"

"ሦስት ብር።"

"ጨው?"

እማዬ ጎመኑን አስቀመጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። "አንድ ብር ከሃያ።"

አባዬ እርሳሱን ከገጹ ላይ አነሳ። "ረከሰ እንዴ?"

"ረከሰ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለ አባዬ። ጻፈው። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። እማዬ ጎመኗን ይዛ ተነስታ ማድ ቤት ገባች፤ እዚያም ብዙ ቆየች።

እኔ ከሁለቱም በላይ ደስ አለኝ። ጨው ረክሷል፤ ስለዚህ የሚጠራቀም ነገር የለም፤ ስለዚህ እማዬ አትሄድም። እሑድ ጠዋት ጫማዋን ፈልጋ ፈልጋ አጥታ፣ በኮንጎ ጫማ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እንኳ ጸጸት አልተሰማኝም። ሰኞ ግን ለማጣራት አቶ ሀብቴ ሱቅ ሄድኩ።

"ጋሼ ሀብቴ፣ ጨው ረከሰ አይደል?"

"ማነው እንዲህ ያለሽ?" አለ አቶ ሀብቴ ተቆጥቶ። "አሥር ሳንቲም ጨመረ እንጂ!"

በመስቀል በሦስተኛው ቀን፣ የበሬው ሥጋ ተከፋፍሎ ግቢው በሰው ተሞልቶ ሳለ፣ አንድ ዱላ የተመረኮዘ ቀጭን ሰው መጥቶ በራችን ላይ ቆመ። ኮቱ ትከሻው ላይ ይዋኛል። ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ዕንባቆም ነው አሉ። አባዬ ከተቀመጠበት ተነሳ። እማዬ የያዘችውን ሳህን ደረቷ ላይ አጣበቀች።

"መምህር ሆሴዕ፣" አለ ሰውየው፣ "ቃልህን አውቃለሁ። ደጅህን ሳልሳለም መስቀልን ማሳለፍ ስላቃተኝ ነው።"

"ቃል የሰጠሁት ከዚህ ቤት ስለሚወጣ ብር ነው" አለ አባዬ። "ወደዚህ ቤት ስለሚገባ ሰው ያልኩት የለም። ግባ።"

ሳቅና እልልታ ግቢውን ሞላው። አጎቴ በብብቱ ሁለት ኪሎ ስኳር ይዞ ነበር። አባዬ ተቀብሎት ለእማዬ ሰጣትና "በይ ሻይ አፍዪ" አላት።

"ሐኪሙስ?"

"ፈቅዶልኛል።"

ሐኪም ለበዓል እንደሚፈቅድ ያን ቀን አወቅኩ። አጎቴ ሳንባውን ታሞ እንደነበር ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። መድኃኒቱ በነፃ ነበር፤ ስምንት ወር ይወሰዳል። በባዶ ሆድ ግን አይወሰድም፤ ወተቱ፣ እንቁላሉ፣ ሆስፒታል የሚመላለስበት የመኪና ሒሳብ ከእማዬ መቀነት ይወጣ ነበር። ይህን እማዬ ራሷ ነግራኛለች፤ አባዬ ብሩ የት እንደሚውል ሳያውቅ እንደሆነ ግን አልጠራጠርም ነበር።

እንግዲህ ባለፈው ወር እማዬ ፊት ለፊት ተቀምጬ የዚያን ዓመት ደብተር ገለጥኩ። ጥር፦ በግራ "ጨው 2 ብር" ይላል። በቀኝ ስምንት፣ ስምንት፣ ስምንት፣ ስምንት፤ ድምር ሠላሳ ሁለት። ይህንን አውቀዋለሁ። ገጹን ገለጥኩ። የካቲት፦ በግራ በኩል፣ በአባዬ ጥርት ያለ የእጅ ጽሑፍ "ጨው 32 ብር"።

የታሰበ።

መጋቢትም ሠላሳ ሁለት። ሚያዝያም፣ ግንቦትም። ከኪሱ የሚወጣውን ገና ሳይወጣ አውቆ ቦታ አበጅቶለታል። እኔና ዘርአብሩክ የምንኖረው በቀኙ ብቻ ነው፤ ብሩ ከወጣ በኋላ እናዝናለን። አባዬ በግራው በኩል ይኖር ነበር። ነሐሴ ላይ "ቀሪ 6.80፤ ለገነቴ ጫማ መነሻ" ይላል።

"እማዬ፣ አባዬ እኮ ያውቅ ነበር" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች።

"መቼ አወቅሽ?"

"ጨው ረከሰ ስለው ነዋ። በጨው ዋጋ የሚያለቅስ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"ታዲያ ለምን አልተነጋገራችሁም?"

"ሰው ፊት ቃሉን ሰጥቷል። አውቃለሁ ካለ ቃሉን በላ፤ አላውቅም ካለ ዋሸ። ለምን ላስጨንቀው?" ነጠላዋን አስተካከለች። "ደግሞስ ምኑን እንነጋገራለን? ሁለታችንም ጽፈነው የለም እንዴ!"

ከዚያ የጫማውን ነገር ነገርኳት፤ ዱራሜን፣ የአቢጋኤልን እናት፣ ጉድጓዱን። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "እኔን? ወዴት ልሄድ? ያን የመሰለ ጫማ! አንቺ ከይሲ!" እያለች ጉልበቴን መታችኝ። እኔም እየሳቅኩ ዓይኔ ወደ ገጹ ተመለሰ፤ ያኔ ነው ከጨዉ በላይ ያለውን መስመር ያየሁት።

"እማዬ፣ ሻዩስ?"

"የምን ሻይ?"

"ጥር ላይ 'ሻይና ስኳር 30' ይላል። የካቲት ላይ ሠላሳው ተሰርዞ ዜሮ ሆኗል። እስከ ነሐሴ ዜሮ ነው።" ሁለትና ሠላሳ፣ ሠላሳ ሁለት።

"ሐኪሙ ከልክሎት ነዋ፤ ጨጓራው..."

ገጾቹን አንድ በአንድ አገላበጥኩላት። አባዬ ለለማኝ የሰጠውን አምስት ሳንቲም እንኳ የሚጽፍ ሰው ነው። "የካርድ የለም፤ የመድኃኒት የለም። ሐኪም ቤት አልሄደም እማዬ። ሐኪም አልነበረም።"

ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። "እስቲ እንደገና አንብቢው" አለችኝ። አነበብኩላት። እንደገና አለችኝ። ሦስተኛውን ስጨርስ ደብተሩን ከእጄ ወስዳ፣ ዜሮዎቹን በጣቷ እየነካች ከገጽ ወደ ገጽ ሄደች።

"ሰባት ወር" አለች። "በዚያ ሁሉ ክረምት ዝናብ ደብድቦት ሲመጣ ሙቅ ውሃ ነበር የምሰጠው። አንድ ቀን ጎረቤት ለቅሶ ተቀምጦ ሻይ ሲቀበል አይቼው፣ በሰው ፊት ከእጁ ነጠቅኩት። ለጨጓራህ አታስብም ወይ ብዬ ተቆጣሁት። ምነው አንድ ቀን እንኳ ቢነግረኝ!" ከዚያ በኋላ አለቀሰች፤ በአባዬ ለቅሶ ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

ሲወጣላት ፊቷን ታጠበችና ተነስታ ሻይ ጣደች። ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለት ነን፤ እሷ ግን ሦስት ብርጭቆ ደረደረች። የእኔን ቀዳች፤ የራሷን ያለ ስኳር ቀዳች። ሦስተኛውን አባዬ ደብተሩን ይዘረጋበት በነበረው ወንበር በኩል አስቀምጣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመረችበትና ቀስ ብላ አማሰለችው። ስኳር ዛሬ ኪሎው ስንት እንደገባ አሳምራ ታውቃለች።